ሠርጉ ሲራዘም ያወራነው

እኔ ያገባሁት ሁለት ጊዜ ነው። ባሌ ግን ሁለቱንም ጊዜ ያው ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ወረዳ ሄደን ፈረምን። ከወራት በኋላ ደግሞ ድንኳን ተጥሎ፣ ቬሎ ለብሼ፣ ዘመድ አዝማድ እስኪበቃው ጨፍሮ ተዳርኩ። ይህን የምጽፈው በሁለቱ መሀል ስላለፈው ጊዜ ነው። ለማግባት የምታስቡ፣ በተለይ እንደኛ ከተማው ዳር ቤት ተከራይታችሁ ጎጆ ልትወጡ ያላችሁ፣ የሚጠቅማችሁ ነገር አታጡበትም።

ሠርጋችን ለጥር ተቆርጦ ነበር። ጥር መቼም የታወቀ ነው። የገና ጾም ተፈትቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለችው ክፍተት አገር ምድሩ ይዳራል። የአዳራሹም፣ የቪዲዮውም፣ የመኪናውም ዋጋ የሚሰቀለው ያኔ ነው። እኛ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ፣ ቅዳሜና እሑድ በብሎኮቹ መሀል ድንኳን ያልተጣለበት ቦታ ማግኘት ይቸግራል። መኪና ማቆሚያው ሁሉ ሠርግ ቤት ይሆናል።

ቤቱን ቀድመን ነው የተከራየነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። በኪራይ ቤት ቀልድ የለም፤ ሲገኝ ካልያዙት በማግሥቱ የሌላ ሰው ነው። ወረዳም ቀድመን ሄድን። "በሠርግ ሰሞን ወረቀት ይዞ መሯሯጥ አይሆንልንም፣ ይሄን ከአሁኑ እንገላገል" አለ ባሌ።

ሠርጉ ጥቂት ሲቀረው የባሌ አያት አረፉ። ነፍስ ይማር። ሐዘን ላይ ተሁኖ የሠርግ ድንኳን አይጣልም። አርባቸው ይውጣ ተባለ። አርባቸው ሲወጣ ዐቢይ ጾም ገባ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ተባለና አረፈው።

እንግዲህ አስቡት። በሕግ ባልና ሚስት ነን። የቤት ቁልፍ በእጃችን ነው። ኪራይ እየከፈልን ነው። ግን እኔ ቃሊቲ እናቴ ቤት፣ እሱም እናቱ ቤት። "ወረቀት ነው እንጂ ምኑ ጋብቻ ነው! ልጄ ከቤቴ የምትወጣው ተመርቃ ነው" አለች እናቴ። ከእናቴ ጋር በዚህ ጉዳይ ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን የለም።

እናቴ ትበል እንጂ፣ ሕጉ እንደሷ አያስብም። ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በአገራችን ጋብቻ በሦስት መንገድ ይፈጸማል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ ወይም በባህል። ሦስቱም እኩል ጋብቻ ናቸው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 213። ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ። ይሄ ለኛ ለዳር ሰፈር ሰዎች ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከኛ ትንሽ አለፍ ሲባል ሸገር ከተማ ነው፤ እዚያ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ የምትኖሩበት ቤት በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ እወቁ።

አዳራሹ፣ ኬኩና የመኪናው አጀብ ግን ከሦስቱም ውስጥ የሉም። በቤተ ክርስቲያን በተክሊል ብታገቡም፣ በመስጊድ ኒካህ ብታስሩም፣ ሽማግሌ ፊት በባህሉ ብትጋቡም፣ በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት ሄዶ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ባሏ ከሞተ በኋላ የሚስትነት ማስረጃ ለማውጣት የሠርግ አልበሟን ይዛ ፍርድ ቤት ሄዳለች። አልበሙ የሚያምር ነው፤ እኔም አይቸዋለሁ። ግን ምስክር መቁጠር ነበረባት። ከሠርጓ ታዳሚ ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ውጭ አገር ነው። የምስክር ወረቀት ቢኖራት ያ ሁሉ እንግልት አይደርስባትም ነበር።

የወረዳው ጉዳይ ራሱ ቀላል ነው። መታወቂያ፣ ፎቶ፣ ያላገባ ማስረጃ፣ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ምስክር። ምስክሮቹ መታወቂያቸው ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ። የባሌ አንደኛው ምስክር መታወቂያው አልፎበት ተገኘ። ባሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አዲስ ሕንፃ ላይ መስመር ይዘረጋል። ደወለና እዚያው ሳይት ላይ የነበረ ቀለም ቀቢ ጓደኛውን ጠራው። ልጁ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በባጃጅ ከች አለ። እጁ እስከ ክርኑ አረንጓዴ ነው። ሲፈርም መዝገቡ ላይ የአውራ ጣቱን ቀለም ጣል አደረገበት። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችውና ሳቋን ዋጥ አደረገች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ወደሽና ፈቅደሽ ነው?" አለችኝ። እሱንም ለብቻው ጠየቀችው። ይህን ጥያቄ በሽምግልናውም፣ በቀለበቱም፣ በኋላ በሠርጉም ማንም አልጠየቀኝም። ስንወጣ ከወረዳው ፊት ለፊት ካለችው ምግብ ቤት ገብተን ተጋቢኖ በላን። ለስድስት ሰው አዝዘን የከፈልነው ሒሳብ በኋላ ለአንድ የአበባ ቅስት ከተጠየቅነው ጋር አይገናኝም።

በዚያ ጾም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባዶው ቤት እንሄድ ጀመር። ለማጽዳት ነው የምንለው። እናቴም ታናሽ እህቴን ታስከትልልን ነበር። እሷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁለት በርጩማ፣ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን ነው። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ ድረስ አቅም የለውም። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከታች ተቀድቶ በደረጃ ይወጣል። ባሌ ባለሃያ ሊትሯን በሁለት እጁ ይዞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆም ይልና ቁና ቁና ይተነፍሳል። እኔ ባለአሥሯን ይዤ ከኋላው ነኝ። ትዳር ውስጥ ይሄን ደረጃ በየስንት ቀኑ እንደምንወጣው ያኔ ማስላት ጀመርን። ከዚያ ሌላውንም ማስላት መጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ነበረን። የጥሪ ካርድ። በጥር ቀን ታትሞ ያለቀ፣ ገና ያልታደለ፣ ሙሉ እሽግ። ቀኑ ስላለፈበት ለምንም አይሆንም። ወረቀቱ ግን ወፍራም ነው፣ ጀርባው ንጹሕ ነው። ባሌ ከእስክሪብቶው ጋር አንዱን ካርድ አወጣና "በይ፣ ጻፊ" አለኝ።

"ምን ልጻፍ?"

"የሚገባሽን። እኔም የኔን እጽፋለሁ።"

ያን ያህል ጊዜ ስንተዋወቅ፣ ሽማግሌ ሲላክ፣ ቀለበት ስናስር፣ አንዳችን የሌላችንን ገቢ በትክክል አናውቅም ነበር። ነውር ይመስላል። ዘመድ ስለ ጥሎሹ፣ ስለ ሚዜው ብዛት፣ ስለ ሱፉ ቀለም በግልጽ ይጨቃጨቃል፤ "ደመወዝህ ስንት ነው?" ማለት ግን እንደ ስግብግብነት ይቆጠራል። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ደመወዜ ወር በገባ ቁጥር ያው ናት። የሱ ግን እንደ ሳይቱ ነው። ካርዱ ላይ ያለፉትን ወራት ተራ በተራ ጻፈ። አንዱ ወር የኔን ሦስት እጥፍ ነው። ቀጥሎ ያለው ወር ባዶ ነው። ከዚያ ደግሞ ግማሽ። ኮንትራክተሩ ያልከፈለው ቀሪ ሒሳብም አለ፤ እሱን ከጎኑ በጥያቄ ምልክት ጻፈው።

እንዲህ ዓይነት ገቢ ላላቸው ጥንዶች እኛ የተስማማንበትን ልንገራችሁ። የማይቀረው ወጪ በማይቀረው ገቢ ይሸፈናል። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት ከኔ ደመወዝ። የሱ ጥሩ ወር ሲመጣ ግን "ገንዘብ አለን" አይባልም፤ መጀመሪያ የሚቀመጠው ለባዶው ወር ነው። ባዶው ወር እንደሚመጣ ካርዱ ላይ አይተነዋል። መጀመሪያ ላይ ኪራዩን ሚስት መክፈሏ ትንሽ ቆረቆረው። አልደበቀውም፣ ነገረኝ። "የኔ ብር ምን ሊባል ነው ታዲያ?" አለ። እኔም "ስምህ በየደረጃው ላይ በውኃ ተጽፏል" አልኩትና ሳቅን።

እኛ ሴቶች ደግሞ የምንቀልዳት ቀልድ አለች። "የሱ ደመወዝ የኛ፣ የኔ ደመወዝ የኔ።" ጥሩ ቀልድ ናት፤ ሕጉ ግን አይስቅባትም። በቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ሁሉ የጋራ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ ንብረት የግል ነው። ግን እሱም ላይ ተጠንቀቁ፤ የግል ንብረታችሁ የሚያስገኘው ገቢ የጋራ ነው። ከጋብቻ በፊት ዕጣ የወጣላችሁ ኮንዶሚኒየም ካለ፣ ክፍያው በትዳር ጊዜ ሲቀጥል የግል ነው የጋራ ብሎ መጋጨት ይመጣል፤ በዚህ ፍርድ ቤት የሚደርሱ አሉ። በሌላ መንገድ መስማማት ከፈለጋችሁ የጋብቻ ውል መዋዋል ይቻላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ፈርሞበት፣ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ነው የሚደረገው። ከተጋቡ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚዋዋሉት ውል ያለ ፍርድ ቤት ማጽደቂያ አይጸናም። እኛ ውል አልተዋዋልንም። የምንካፈለው ሁለት በርጩማ ነበር።

በሌላ ካርድ ጀርባ ላይ የቤተሰብ ነገር መጣ። ይሄኛው ከገንዘቡ ይከብዳል። እሱ ለእናቱ በየወሩ ይሰጣል። እኔ የታናሽ እህቴን ኮሌጅ እከፍላለሁ። ሁለቱም ይቀጥላሉ ተባለ፣ ግን መጠናቸው ተጻፈ። ከዚያ ወንድሙ። ታናሽ ወንድሙ ሠርጉ ሲያልቅ እኛ ጋ ሳሎን ሊገባ እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት። ባሌም "ነግሬሽ አልነበር?" አለ። አልነገረኝም። ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ እሺ ማለትም ከባድ ነው። ያን ዕለት ሳንጨርሰው ወጣን። የሚቀጥለው እሑድ ላይ አንድ መስመር ጻፍን፦ ከየትኛውም ወገን የሚመጣ ዘመድ መቼ እንደሚወጣ ሳንነጋገር አይገባም። ወንድምየው እስከ ሰኔ ይቀመጣል፣ ከዚያ ራሱን ይችላል ተባለ። ያለ ቀን የገባ ሰው ያለ ቀን ነው የሚወጣው፤ ይሄን የምለው ከሰፈሬ አይቼ ነው።

ሌሎቹ ጉዳዮች ቶሎ አለቁ። ልጅ እንፈልጋለን፣ ግን መጀመሪያ ዓመቱ ይለፍ። ማን ያበስላል? ቀድሞ የገባ። እኔ ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ ነው የምሠራው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ካልተገኘሁ አልደርስም። ማታም ያው ነው። እሱ ያኔ ሽሮ ብቻ ነበር የሚችለው። አሁን ምስር ጨምሯል።

ስንጣላስ? ይሄን የጠየቅነው የንስሐ አባታችንን ነው። "መጀመሪያ ለእናቶቻችሁ አትንገሩ" አሉን። "እናንተ ማታ ትታረቃላችሁ። እናት ግን ይዛው ትቀራለች።" ታዲያ ለማን እንንገር ስንላቸው፣ ሁለታችሁም የምታፍሩትን አንድ ትልቅ ሰው ምረጡ አሉ። ለሽምግልና ከመጡት መካከል ያሉትን ጋሽዬን መረጥን፤ የአባቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ናቸው። ሄደን ስንጠይቃቸው ሳቁ። "ገና ሳትጋቡ ዕርቅ ልትይዙ መጣችሁ?" አሉን።

ፋሲካ ሲደርስ ሠርጉ እንደገና ነፍስ ዘራ። የቤተሰብ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አጎቴ ሊቀመንበር ናቸው፤ ማንም አልመረጣቸውም። ስንት ሰንጋ፣ ስንት ሳጥን ለስላሳ፣ ዲኮሩ ነጭ ይሁን ወርቃማ። በወርቃማው ምክንያት ሁለት አክስቶቼ ተኮራርፈዋል። የዲኮሩ ዋጋ ብቻ የብዙ ወር ኪራያችንን ይውጣል። እኛ የቻልነው ነገር ቢኖር ጣሪያ ማበጀት ነው። ባሌ ዕቁብ ነበረው። የዕቁቡ ዳኛ ለሠርግ ነው ብለው ዕጣውን አስቀድመው ሰጡት። "ከዚህች ብር በላይ ከኛ አትጠብቁ" ብለን ለኮሚቴው አስታወቅን። አጎቴ ለጊዜው ቅር አላቸው። ቤተሰብ በየፊናው ጨመረበት፤ ሰንጋውን የባሌ አጎቶች ከገላን ነድተው አመጡት።

ዕቁብን ለሠርግ ስለመውሰድ ግን አንድ ነገር አስቡበት። ብሩ የሚበላው በአንድ ቀን ነው፤ መጣሉ ግን ዓመቱን ሙሉ ይከተላችኋል። እኛ ዘፈኑ ካለቀ ከብዙ ወር በኋላ እሑድ እሑድ የዚያን ቀን ለስላሳ ስንከፍል ነበር። ካርዱ ላይ ቀድመን ስለጻፍነው ዱብዳ አልሆነብንም። ሳያሰሉት ለገቡበት ግን የመጀመሪያው ዓመት ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው።

የሠርጉን ቀን ብዙ አላወራም። ደስ ይላል፣ እግር ያሳምማል፣ ፎቶ አያልቅም። ለወዳጅነት ፓርኩ ፎቶ ብለን ከቃሊቲ ተነስተን ምሳ ሰዓት አልፎብናል። እኔን ያስደሰተኝ የዋዜማው ሌሊት ነው። ከድንኳኑ ጀርባ አክስቶቼና የሰፈሩ ሴቶች ለዶሮው ሽንኩርት ሲከትፉ አብሬ ተቀመጥኩ። "ሙሽራ ሽንኩርት አትነካም፣ እጅሽ ይሸታል" ብለው ቢላውን ቀሙኝ። ግን አላባረሩኝም። ዓይናቸው እንባ እያፈሰሰ ያወራሉ። አንዷ አክስቴ፣ በጣም ዝምተኛዋ፣ "ሲናደድ አይተሽዋል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ምን ያደርጋል?" ዝም ይላል፣ ወጥቶ ዞሮ ይመጣል አልኳት። "ይመጣል?" ብላ ደገመችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ከዚያ ሌላዋ ቀጠለች። ባሏ ሲናደድ ዕቃ የሚሰብረውን፣ ደመወዙን ደብቆ የኖረውን፣ ጥሩውንም፣ ሁሉንም በስም እየጠሩ አነሱ። ከምርቃቱ ሁሉ የዚያች ሌሊት ወሬ ነው የጠቀመኝ። ሠርግ ይቅር የማልለውም ለዚህ ነው። ሰዎቹን ይሰበስብልሻል። ወሬውን ግን ራስሽ ፈልገሽ መቀመጥ አለብሽ።

ትዳራችን የተፈተነው ወንድምየው በወጣ ሰሞን ነው። ቃሉን ጠብቆ ወጥቷል፤ በዚህ አላማውም። ባጃጅ በብድር ሊገዛ ዋስ ፈለገ። ባሌ አንድ ማታ እራት እየበላን "ነገ ግማሽ ቀን ፈቃድ ውሰጂ፣ የምትፈርሚው ነገር አለ" አለኝ። አበዳሪው የጋብቻ የምስክር ወረቀታችንንና የኔን ፊርማ ጠይቋል። ባሌ እሺ ብሎ መጥቷል። እኔ የሰማሁት ጉርሻ አፌ ውስጥ እያለ ነው።

ሕጉ እዚህ ጋ ከኔ ጋር ነበር። ባለትዳር ሰው ከ500 ብር በላይ ለመበደርም፣ ለማበደርም፣ ዋስ ለመሆንም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። የጋራ ቤት ለመሸጥና ለማስያዝም እንደዚያው። ግን ሕጉን ጠቅሶ ማሸነፍ ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ አብሮ መብላት ነው የሚከብደው። "አልፈርምም" አልኩ። ዝም አለ። ወጣ፣ ዞሮ መጣ። በነጋታውም ዝም። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ኩርፊያ የሚሸሸግበት ጓዳ የለውም። ለእናቴ ልደውል ስልኬን ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀምጫለሁ። ምን እንደምትል ስለማውቅ።

በመጨረሻ ባሌ ራሱ ነው ጋሽዬ ጋ እንሂድ ያለው። ጋሽዬ ማን ልክ እንደሆነ አልነገሩንም። ባሌን "ወንድምህ ቢያቅተው በየወሩ ትከፍልለታለህ?" ብለው ጠየቁት። እከፍላለሁ አለ። "ከየት?" አሉት። ይሄኔ ባዶዎቹ ወሮች ትዝ አሉት መሰለኝ፣ አልመለሰም። እኔን ደግሞ "ምንም ሳትሰጡት ሊሄድ ነው የምትፈልጊው?" አሉኝ። እሱም እውነታቸውን ነው። ያስቀመጥነውን ቆጥረን የማይመለስ ገንዘብ ሰጠነው፤ ለቅድመ ክፍያው አገዘው። ዋስ ሌላ ሰው ሆነለት። ወንድምየው ገንዘቡን ተቀብሏል፣ ለኔ ግን እስከዛሬ ፊቱ አይፈታም። በዓል ሲሆን ይመጣል፣ ይበላል፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ይላል፣ ይሄዳል። ሁሉም ነገር አይስተካከልም፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ሌላው የምመክራችሁ ዕድር ነው። አዲስ ሰፈር ገብታችሁ ዕድር ሳትገቡ አትክረሙ። እኛ ብሎካችን ውስጥ ስንመዘገብ ጸሐፊው ትልቅ ደብተር ዘርግተው "የማን የማን ወላጅ ነው የሚመዘገበው?" አሉን። የሱን እናት፣ የኔን እናትና አባት ብለን ሰጠን። አራተኛው መስመር ላይ ሰረዝ አደረጉ፤ የባሌ አባት ድሮ ነው ያረፉት። የሱን ሰዎችና የኔን ሰዎች በአንድ ገጽ፣ በአንድ ቁጥር ሥር ሲጽፏቸው አየሁ። ድንኳኑና ወንበሩ ለሐዘን ብቻ አይደለም፤ ለልጅ ክርስትናም ይሰጣሉ። ተከራይም ይቀበላሉ፣ "ተከራይ ነን" ብላችሁ አትፈሩ።

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ለጥር እየተዘጋጀች ነው። የዲኮር ፎቶ በየቀኑ ትልክልኛለች። ከሰኞ እስከ እሑድ ነጭ፣ ወርቃማ፣ ሐምራዊ። ደስ ይለኛል፣ እመርጥላታለሁም። ደመወዙን ጠይቀሽዋል ስላት "ኧረ ባክሽ፣ ምን ይለኛል!" አለችኝ። እኔና ባሌ ጊዜውን ያገኘነው ሐዘንና ጾም አጋጥሞን ነው። እሷ ግን ራሷ ነው መፍጠር ያለባት። አንድ እሑድ አንድ ጉዳይ ይበቃል። ኮሚቴው በሌለበት፣ ካፌ ሳይሆን የምትኖሩበት ሰፈር ሄዳችሁ፣ ውኃውን፣ ታክሲውን፣ ኪራዩን እያያችሁ አውሩ። የራስሽን ቀድመሽ ጻፊ፤ የሚጽፍ ሰው ፊት ዝም ማለት ያሳፍራል። ወረዳውን ከሠርጉ ሰሞን አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ የምስክሮቹን መታወቂያ እያችሁ። የምስክር ወረቀቱን ኮፒ አድርጋችሁ ዋናውን ቆልፉበት።

ደመወዙን ስትጠይቂው ከተቆጣ ደግሞ መቆጣቱንም እዪው፤ አክስቴ የጠየቀችኝ እሱን ነው። መልሱን ሳትሰሚ ግን የዲኮር ቀብድ እንዳትከፍይ።